ዳንግላ ነኝ ብዬ ቆሰበር ወጥ ቤት ውስጥ ተያዝኩ

እናንተዬ፣ ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ "ይቺማ ፈጥራ ነው" ትሉኛላችሁ።

ልፍጠር ብልም አቅሙ የለኝም። እጄ ገና ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል።

ደግሞ ብዙዎቻችሁ ቪዲዮውን ሳታዩት አትቀሩም። ከምግብ ቤት መስኮት ግማሽ ገላዋን አውጥታ፣ ፀጉሯ ላይ ፌስታል አስራ፣ ማማሰያ እየነቀነቀች የምትጮኸው ሴትዮ አለች አይደል?

እኔ ነኝ።

አዎ፣ ውዴ! "የቆሰበር ሴቶች ሆይ" እያለች ስትፖስት የከረመችው ውዴ!

ሳቃችሁን ጨርሱና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ነገሩ የተጀመረው የገና ዋዜማ ዕለት ነው። ታናሽ እህቴ እናኑ አየርላንድ ነው የምትኖረው። አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ አረጋውያን ትንከባከባለች። የከተማዋን ስም ስትጠራው የምታስነጥስ ነው የሚመስለው፣ እኔ አልሞክረውም።

ያን ቀን በቪዲዮ ስትደውል እኔ ዶሮ እየበለትኩ ነበር። ስልኩን መክተፊያው ላይ አስደግፌ፣ ዓይኔ በሽንኩርት እያለቀሰ፣ ላባው ክንዴ ላይ ተለጥፎ።

እሷ ደግሞ ሊፒስቲክ ተቀብታ!

"ወዴት ልትሄጂ ነው?" አልኳት።

"እዚህ እኮ ገና ዛሬ አለቀ!" አለችኝ።

አስቡት። እኛ ልንቀበለው ዶሮ እንገነጣጥላለን፣ እነሱ ሸኝተውት ዛፋቸውን ያወርዳሉ።

ለካስ በዚያች ከተማ የገና ሰሞን የሚያበቃበት ቀን የሴቶች ነው። ሴቶቹ ለባብሰው ይወጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይስቃሉ። ወንዶቹ ቤት ይቀሩና ያበስላሉ፣ እቃ ያጥባሉ። ከድሮ ጀምሮ ልማዳቸው ነው አለችኝ።

ካሜራውን አዞረችልኝ። ፀጉራቸው ነጭ የሆነ ትልልቅ ሴቶች ጠረጴዛ እየደበደቡ ይስቃሉ። የአንዷ ስልክ ጠራ። አየችውና በፊቱ ደፍታ አስቀመጠችው።

"ባሏ ነው" አለችኝ እናኑ። "ድስቱ የት እንዳለ ጠፍቶት ነው።"

እዚያው ዶሮው ፊት ማልኩ!

የኛ ሰሞን ደግሞ በገና አያበቃም። ገና አለ፣ ከተራ አለ፣ ጥምቀት አለ፣ ቃና ዘገሊላ አለ። ጠላ ጥመቂ፣ ዳቦ ድፊ፣ እንግዳ ተቀበይ፣ ሰሃን እጠቢ፣ እንደገና እንግዳ ተቀበይ። ስለዚህ የቃና ዘገሊላ ማግስት የኛ መሆን አለበት አልኩ።

ቃል በቃል እንዲህ ብዬ ፖስት አደረግኩ፦ "የቆሰበር ሴቶች ሆይ! የቃና ዘገሊላ ማግስት ማንም ሴት ማማሰያ እንዳትነካ! ወንዶቹ ያብስሉ! እኛ ወጥተን ጥብስ እንበላለን!"

(ቆሰበር ማለት እንጅባራ ነው፣ ለማታውቁት።)

ላይኩ ዘነበ። ሼሩ ጎረፈ። እኔ ደግሞ ላይክ ሲዘንብልኝ የምሆነውን ታውቃላችሁ። በመንገድ ስሄድ አንገቴ ረዘመ።

መጀመሪያ ያስተነፈሱኝ ጎረቤቴ እማማ ብርቄ ናቸው። ፌስቡክ የላቸውም፣ ግን ወሬ ቀድሟቸው አያውቅም።

"አንቺ ልጅ፣ ጥብስ ትበላላችሁ አልሽ አሉ።"

"አዎ እማማ! እርስዎም ይመጣሉ!"

"እሮብ ነው እኮ።"

"ምኑ?"

"ማግስቱ። እሮብ ነው። ጾም ነው።"

ይኸውላችሁ። ያንን ሁሉ ሴት በጾም ቀን ጥብስ ልጋብዝ ጠርቼ ነበር። ፖስቱን ኤዲት አድርጌ "ሽሮ እንበላለን" አልኩት። ላይኩ ትንሽ ቀዘቀዘ። ያም ሆኖ አብዮቱ አልቆመም!

አሁን ወደ ባለቤቴ እንምጣ። ይበልጣል ይባላል። ባጃጅ ይጠግናል። ጥሩ ሰው ነው፣ ልወቅሰው አይደለም። ግን ስለ ምግብ አንድ ቃል ከአፉ አይወጣም። አንድ ቀን እንኳ "እጅሽ ይባረክ" ብሎኝ አያውቅም። በላ፣ ሰሃኑን ገፋ አደረገ፣ ተነሳ፣ አለቀ። ባለፈው ዓመት አንዴ ምስር ወጥ በልቶ "አይከፋም" ቢለኝ ለእናቴ ደውዬ ነግሬያታለሁ።

የአየርላንዱን ነገር ስነግረው ሳቀ።

"ሂጅ፣ ተዝናኚ። ሽሮ ሊያቅተኝ ነው? ዱቄትና ውሃ እኮ ነው!"

ዱቄትና ውሃ!

የሠራሁት ሽሮ ሁሉ በዓይኔ ላይ ሄደ።

እና አንድ ነገር አሰብኩ። እዚሁ ከተማ ውስጥ ከሆንኩ በየደቂቃው "በርበሬው የት ነው? ዘይቱ የት ነው?" እያለ ይደውላል። ወይም ራሱ ይመጣል። ስለዚህ "ዳንግላ ነው የምንሄደው፣ ማታ እንመለሳለን" አልኩት። ጓደኛዬ ማስተዋልም ለባሏ ለስማቸው እንደዚያው አለችው።

እውነቱን ለመናገር ዳንግላ ድረስ የሚሄድ ወገብ ማን አለው? ከሦስት ቀን በዓል በኋላ? ያሰብነው ወደ ዘንገና መውጫው ላይ ያለችው የጋሽ ታረቀኝ ምግብ ቤት ነበር። የቀርከሃ ግድግዳ ያላት፣ በሽሮዋ ስሟ የወጣ።

ዛሬ እኔ፣ ማስተዋል፣ እማማ ብርቄና ሌሎች ሁለት ጎረቤቶቻችን የጥምቀት ቀሚሳችንን ለብሰን ወጣን። ፀጉሬን ተሠርቻለሁ። ሽቶ ተረጭቻለሁ። ባጃጅ ውስጥ ተጨናንቀን እየሳቅን ሄድን። ከአየርላንዶቹ በምን አነስን?

ደረስን።

ደጅ ላይ ሚኒባስ ቆሟል። ከባሕር ዳር ጥምቀትን አክብሮ የሚመለስ መንገደኛ ነው። ቤቱ ሞልቷል። ግን ማንም ፊት ምግብ የለም! ሁሉም ወደ ወጥ ቤቱ አቅጣጫ ያንጋጥጣል።

ጋሽ ታረቀኝ ከወጥ ቤት ብቅ አሉ። ሽሮ ጢማቸው ላይ፣ ሽሮ ሸሚዛቸው ላይ። ሲያዩኝ ቆሙ።

"አንቺ ነሽ አይደል?" አሉኝ።

"ምን ሆኑ ጋሼ?"

"ወጥ ሠሪዬ ቀረች! አስተናጋጇም ቀረች! 'ዛሬ ማማሰያ እንዳንነካ ታውጇል' ብለው ስልኩን አሳዩኝ። የሳቅሽበት ፎቶሽ ከላዩ አለ!"

ወይኔ ጉዴ!

የቆሰበር ሴቶች ሆይ ስል ሽሮ ልትሠራልኝ የነበረችው ሴትም የቆሰበር ሴት መሆኗን እንዴት አላሰብኩም? እ? ንገሩኝ እስኪ!

"ዛሬ ምግብ የለም" አሉ ጋሽ ታረቀኝ። ድምፃቸው ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነው። "ይህን ሁሉ መንገደኛ ምን ልበለው?"

"እንሂዳ" አለች ማስተዋል።

እኔም "እንሂድ" አልኩ። ወደ በሩ ዞርኩ።

እማማ ብርቄ ግን የሉም። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ምድጃው ላይ ያለውን ድስት ያያሉ። ሽሮው እንደ ኳስ ተጠቅልሏል። በአዊኛ አንድ ነገር አሉ። አልተረጉምላችሁም፣ የጾም ቀን ነው።

"ልቀቀው እስኪ ልጄ" አሉና ማማሰያውን ከጋሽ ታረቀኝ እጅ ወሰዱ።

"እማማ! ዛሬ ማንም ማማሰያ..." አልኩ።

"እኔ ፌስቡክ የለኝም" አሉኝ።

ማስተዋል "ሽንኩርት ብቻ ልክተፍላቸው፣ ብቻቸውን ናቸው" ብላ ገባች። ሁለቱ ጎረቤቶቻችን "ቃሪያውን እንሰንጥቅ" ብለው ገቡ። እኔ በሩ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። አብዮቱ እኔና እኔ ብቻ ሆንን።

ጠንክሬ ቆምኩ። እውነት ጠንክሬ ነበር።

ከዚያ ማስተዋል ነጭ ሽንኩርቱን ሳታቁላላ ውሃ ልትጨምር ስትል አየኋት።

"ኧረ አይሆንም! ውጪልኝ!" ብዬ ገባሁ።

አለቀ። ፀጉሬ ጭስ እንዳይሸት ፌስታል አሰርኩበት። የወጥ ሠሪዋን ሽርጥ ከጥምቀት ቀሚሴ በላይ ታጠቅኩ። እናንተዬ፣ ለእረፍት ወጥቼ ቤቴ በሁለት ቀን የማልሠራውን ሽሮ በአንድ ቀትር ሠራሁ!

የሸክላ ድስቶቹ እየተንተከተኩ በምግብ ማቀበያዋ መስኮት ይወጣሉ፣ ባዶ ሆነው ይመለሳሉ። መንገደኛው ዝም አለ። ዝም ሲል ደግሞ ጥሩ ነው ማለት ነው። እንደውም ደስ አለኝ ልበላችሁ? ትንሽ ደስ አለኝ።

ከዚያ የሆነ የማውቀው ሳል ሰማሁ።

ያ ሳል ይበልጣል ሲቀመጥ የሚያስለው ሳል ነው። ሌላ ማንም እንደሱ አይስልም።

በቀርከሃው ስንጥቅ አጮለቅኩ።

ይበልጣልና ስማቸው! ከግድግዳው ጋር ባለችው ጠረጴዛ! ከኔ የሚለያቸው አንድ ረድፍ ቀርከሃ ብቻ ነው!

"ማስተዋል! ባሎቻችን!" አልኩ በሹክሹክታ።

ማስተዋል በርበሬ እንደያዘች ቁጭ አለች። ተቀመጠች ማለቴ አይደለም፣ ወለሉ ላይ ተደበቀች።

"ሁለት ተጋቢኖ!" አሉ ጋሽ ታረቀኝ በመስኮቷ።

ምን ላድርግ? ሠራሁለት።

ድስቱ ከወጣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስልኬ ጠራ።

ይበልጣል!

ድምፁን ለማጥፋት ስሞክር እጄ ዘይት ነው፣ ስልኩ ይንሸራተታል፣ ይጮሃል። ከግድግዳው ማዶ እንዳይሰማ ብዬ አነሳሁት።

"አቤት" አልኩ በሹክሹክታ።

"ዳንግላ እንዴት ነው?" አለኝ። በስልኩም ሰማሁት፣ በቀርከሃውም ሰማሁት። ሁለት ባል!

"ጥሩ ነው። ፀሐይ ነው። አንተስ የት ነህ?"

"የት እሆናለሁ? ቤት ነኛ!"

በስንጥቁ እያየሁት ነው! እንጀራ እየቆረሰ!

"ምሳ በላህ?"

"ራሴ ሠርቼ! ሽሮ እንደሆነ ጉድ ነው የሠራሁት። ልንገርሽ፣ ያንቺን ይበልጣል!"

ስሙ ይበልጣል፣ ሽሮው ይበልጣል፣ ውሸቱ ከሁሉም ይበልጣል!

በዚህ መሃል እማማ ብርቄ በሙሉ ድምፃቸው "ሦስት ተጋቢኖ ደርሷል፣ ውሰዱ!" ብለው ጮኹ።

"ምንድን ነው የሚጮኸው?" አለ ይበልጣል።

"አስተናጋጇ ናት። ምግብ ቤት ነን፣ ዳንግላ።"

"እዚህም እንደዚሁ ይጮሃሉ" አለ።

"እዚህ የት?"

ስማቸው በክርኑ ሲጎሽመው በስንጥቁ አየሁ።

"ሬዲዮ ነው" አለና ዘጋው።

በቃ፣ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። እሱም ዋሸ፣ እኔም ዋሸሁ፣ እኩል ነን። ይበላል፣ ይሄዳል፣ እኔም ማታ "ዳንግላ ደስ ስትል!" እላለሁ። ማንም አያውቅም፣ ማንም አይቀዳኝም፣ እናንተም አትስቁም።

ግን ጋሽ ታረቀኝ ባዶውን ድስት ይዘው መጡ። ፊታቸው በርቷል።

"ውዴ ልጄ፣ ያ በስተጥግ ያለው ሰውዬ ምን እንዳለሽ ልንገርሽ?"

"ምን አለ?"

"'ያበሰለችውን ሴትዮ እጇን ይባርከው በሉልኝ' አለ።"

ቆምኩ።

እጇን ይባርከው።

ስንት ዓመት የጠበቅኳት ቃል ናት! መጣች። ግን ለሌላ ሴት መጣች። ሌላዋ ሴት ደግሞ እኔ ነኝ። በራሴ ላይ ቀናሁ፣ ይገባችኋል? በራሴ ላይ! ከምድጃው ጭስ ይሁን ከሌላ ነገር፣ ዓይኔ እንባ ሞላ።

"ደግሞም" አሉ ጋሽ ታረቀኝ፣ "'እንዲህ ያለች ሴት ያገባ ሰው ታድሎ' አለ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቪዲዮው አይታችኋል።

እግሬ እንዴት እንዳደረሰኝ አላውቅም። በምግብ ማቀበያዋ መስኮት ግማሽ ገላዬን አውጥቼ፣ ማማሰያዬን ቀስሬ፣ በቆሰበር ሰማይ ስር በሚሰማ ድምፅ ጮህኩ፦

"ያገባሃትማ አንተ ነህ!!! ታድለሃል! ታድለሃል እኮ ነው የምልህ!"

ሰው ሁሉ ወደ መስኮቷ ዞረ።

የይበልጣል እጅ ጉርሻ እንደያዘ አየር ላይ ቀረ።

"ዳንግላ... አልነበርሽም?" አለ።

"አንተስ ቤት አልነበርክም?"

ስማቸው ሁኔታው ገብቶት ከጠረጴዛው ሥር ሊገባ ሲል ማስተዋል ከጎኔ በርበሬ በበርበሬ ሆና ብቅ አለች። "አንተም አለህ!" አለችው።

እማማ ብርቄም በመሃላችን አንገታቸውን አወጡ። ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ "ይበልጣል ልጄ፣ እንጀራ ይጨመርልህ?" አሉት።

መንገደኛው ፈነዳ! ሳቅ በሳቅ! አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፣ ሌላው ያጨበጭባል። አንድ ትልቅ ሰው ከመሃል ተነሱና፣ "ፍርዱ ቀላል ነው" አሉ። "ሴቶቹ አብስለዋል። ወንዶቹ እቃውን ይጠቡ።"

ሰው ሁሉ "ይጠቡ!" አለ።

ይበልጣልና ስማቸው ደጅ ካለችው ቧንቧ ጎን ተጎንብሰው የሚኒባሱን ሰው ሰሃን ሁሉ አጠቡ። ያንን ለምን ማንም አልቀረጸውም? ለምን የኔ ብቻ?

እኛም በመጨረሻ ተቀመጥን። እንደ አየርላንዶቹ። ጠረጴዛ ልንደበድብ።

"ጋሼ፣ አምስት ተጋቢኖ!" አልኩ ኮራ ብዬ።

ጋሽ ታረቀኝ አንገታቸውን ደፉ። ሽሮው አልቋል። ዱቄቱም አልቋል። የመጨረሻውን የበላው ይበልጣል ነው፣ ደግሞ አስጨምሮ።

ስለዚህ ለእረፍት የወጣነው ሴቶች ዳቦ በሻይ በልተን ተመለስን።

እኔና ይበልጣል ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከተማው መግቢያ ላይ ስንደርስ ጉሮሮውን ጠረገ።

"የቤቱ ሽሮ ወጣ" አለኝ።

"ከምን ወጣ?"

"ከድስቱ። ምድጃው ላይ ነው ያለው። ግድግዳውም ላይ ትንሽ አለ።"

ዱቄትና ውሃ! ግን አላልኩትም። አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

"ሌላ ነገር ልጠይቅህ" አልኩት። "'እጇን ይባርከው' ያልከው የምርህን ነው?"

"የምሬን ነው።"

"ታዲያ ለኔ ለምን ብለኸኝ አታውቅም?"

ውጭ ውጭውን አየ። ጆሮው ቀላ።

"ፊት ለፊትማ እንዴት ይባላል?" አለ። "ያሳፍራል።"

ከዚህ ሰው ጋር ምን ታደርጉታላችሁ? እስኪ ንገሩኝ! ለማያውቃት ሴት በጋሽ ታረቀኝ በኩል ምርቃት ይልካል፣ ሚስቱን ግን ያፍራታል። "አይከፋም" ያለኝ ቀን ያቺን ቃል ለማውጣት ስንት ጊዜ እንዳላበው አሁን ገባኝ። የተናደድኩት ንዴት ከሽርጡ ጋር እዚያው ምግብ ቤት ቀረ መሰለኝ፣ ብፈልገው አጣሁት።

ቤት ስንገባ የወጥ ቤቱን ግድግዳ አየሁት። "ትንሽ" ያለው ጣሪያው ድረስ ነው። ቀሚሴን ሰብስቤ መጥረጊያ ላነሳ ስል እጄን ያዘኝ።

"ተቀመጭ" አለኝ። "ቀኑ አላለቀም። የናንተ ነው አይደል?"

ሶፋው ላይ አስቀመጠኝ። ስልኬን ሰጠኝ። እጅጌውን ሰብስቦ ገባ።

እና አሁን ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፍላችሁ። እግሬን ዘርግቼ። በዕድሜዬ ሙሉ ሰው እየሠራ ተቀምጬ አላውቅም፣ ወገቤ ግራ ገብቶታል። ከወጥ ቤቱ የውሃ ድምፅ ይመጣል። የመፈግፈግ ድምፅ ይመጣል። ያ ሳሉ ይመጣል።

አንድ ነገር ተሰበረ።

"ምንም አይደለም! ተቀመጭ!" አለ ከውስጥ።

ተቀመጥኩ። ያቺ አየርላንዳዊት ብትሆን ስልኳን ደፍታ ትስቅ ነበር። እኔም እስቃለሁ። ይኸው እየሳቅኩ ነው።

ሌላ ነገር ተሰበረ።

አሁን ዝም አለ። ሳሉም የለም።

ሴቶች፣ ቶሎ ኮመንት ላይ ንገሩኝ። የተሰበረው ከእናቴ የተሰጠኝ የሸክላ ድስት ይመስላል። ልነሳ ወይስ ልቀመጥ?